አዲሱ ታብሌት ዋይፋይ አልሠራ ሲል እንዴት እንደሚስተካከል

አዲስ ታብሌት ከካርቶኑ ወጥቶ ኢንተርኔት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ዕቃውን ወደ ሱቁ ለመመለስ ይነሣል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ለእህቴ ልጅ የተገዛው ታብሌት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንገላታን እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ከዕቃው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ከሁሉ በፊት ችግሩ የማን እንደሆነ ይለዩ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልክ አገናኝተው፣ የሲም ዳታውን ዘግተው አንድ ገጽ ይክፈቱ። ስልኩም ካልሠራ ታብሌቱን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሣጥን) ከሶኬት ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ካቆዩ በኋላ መልሰው ይሰኩትና መብራቶቹ እስኪረጋጉ ይታገሱ። ዋይፋይ ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ላይኖር ይችላል።

ስልኩ ሠርቶ ታብሌቱ ብቻ ካስቸገረ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የዋይፋዩን ስም በመንካት «ፎርጌት» የሚለውን ይጫኑና የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ያስገቡ። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል የተለያዩ ናቸው፤ ዜሮና «ኦ» ደግሞ ዓይን ያታልላሉ፤ ስለዚህ የዓይን ምልክቷን ተጭነው የጻፉትን እያዩ ያረጋግጡ።

የዋይፋዩ ስም ጭራሽ ካልታየ፣ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ እያሰራጨ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ታብሌቶች ብዙ ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ስለሚያውቁ ሌላውን አያዩትም። የስልክ ሆትስፖትም (ስልኩ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ሲያካፍል) እንዲሁ ነው፤ ከስልኩ የሆትስፖት ማስተካከያ ላይ ወደ 2.4 ይቀይሩት። (በስሙ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «5ጂ» ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ዝምድና የለውም።) ታብሌቱ ሁለቱንም የሚያውቅ ከሆነ፣ 5ቱ በቅርብ ይፈጥናል እንጂ ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል፤ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው 2.4 ይሻለዋል። ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ከብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ያውጡት፤ ብረትና ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሱታል።

አሁን ወደ እኛ ቤት ጉዳይ ልምጣ። ዋይፋዩ ተይዟል፣ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ የሚከፈተው ገጽ ሁሉ ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሰናል። በሁለተኛው ቀን ማታ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዓመቱ እኮ 2017 ነው የሚለው» አለችኝ። «ታዲያ 2017 አይደል?» አልኳት፤ ነገሩ የገባኝ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ታብሌቱን ሲከፍቱ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውት ኖሯል፤ መሣሪያው ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያስረዳበት፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው ዲጂታል ሰርተፍኬት አለው። በፈረንጆቹ 2017 ላይ የቆመ ታብሌት በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት ሲቀርብለት ቀኑ ገና አልደረሰም ብሎ ይጥለዋል።

ማስተካከያው ከሴቲንግ ውስጥ የቀንና የሰዓት ገጽን ከፍቶ አውቶማቲክ የሚለውን ማብራት ነው። ይህ ካልሠራ በእጅዎ የፈረንጆቹን ቀንና ሰዓት ያስገቡ፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 9 ሰዓት ነው። በሰዓት ቀጠና ዝርዝሩ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓታቸው አንድ ነው።

በሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ካፌዎች ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ የስልክ ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቅ የመግቢያ ገጽ ካለ፣ እርሱን ሳይሞሉ ኢንተርኔት አይለቀቅም።

ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ከሴቲንግ የኔትወርክ ማስተካከያዎችን ብቻ ወደ ነበሩበት የሚመልሰውን ይምረጡ። የተቀመጡ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችና የብሉቱዝ ትስስሮች ይጠፋሉ እንጂ ፎቶና ፋይል አይነካም። በመጨረሻም ታብሌቱን በጎረቤት ዋይፋይና በስልክ ሆትስፖት ይፈትኑት፤ በሁለቱም እምቢ ካለ ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ወደ ገዙበት ሱቅ ይውሰዱት።