የታመመች እስስት በምን ትታወቃለች?

ቃሉን የማይጠብቅ፣ እንደ ነፋሱ የሚለዋወጥ ሰው ሲገጥመን «እስስት ነው» እንላለን። ከዚህ አነጋገር የተነሣ ይመስለኛል፣ እስስት የሚያሳድግ ሰው የእንስሳዪቱን ጤና መጀመሪያ የሚፈልገው በቀለሟ ላይ ነው፤ ጠቆረች ብሎ ይደነግጣል፣ አረንጓዴ ሆነች ብሎ ይረጋጋል። ቀለም ግን ብቻውን ደካማ ምስክር ነው። በባሕር ዳር የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ላይ ጤነኛዋ እስስት ሙቀት ለመሳብ ሰውነቷን አጥቁራ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሌሊት በተኛችበት ደግሞ ገርጥታ ትታያለች፤ እንቁላል የያዘች ሴት ከወትሮዋ የተለየ ደማቅ ነጠብጣብ ልታወጣ ትችላለች። ሦስቱም ሕመም አይደሉም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከዐይን፣ ከመዳፍ፣ ከምላስና ከኩስ እንጀምራለን፤ ቀለም ኋላ ይደርሳል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መባል አለበት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፣ በዘጌ የቡና ጥላ ሥር ወይም በግቢ አጥር ላይ የተገኘችን እስስት አንሥቶ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም። ከዱር የተያዘች እስስት ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትሎችን ይዛ ትመጣለች፣ በመያዟም ጭንቀት ትዳከማለች፤ ስለዚህ ሕጉ ባይኖር እንኳ ምርጫው መጥፎ ነበር። የሚከተለው ምክር በፈቃድ ለተያዘች፣ ወይም ተጎድታ በሚመለከተው አካል እውቅና ለምትጠበቅ እስስት ነው።

እስስት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። በዱር ሳለች የደከመች መስላ ከታየች ለአሞራና ለእባብ ቀለብ ስለምትሆን፣ ጉልበቷ እስኪሟጠጥ ድረስ ቅርንጫፏን ይዛ እንደ ደኅና ሰው ትቆያለች። በዚህም ምክንያት ባለቤቱ «ትናንት ደኅና ነበረች፣ ዛሬ በድንገት ወደቀች» የሚለው አብዛኛው ሕመም ሳምንታትን አልፎ ወርንም የቆየ ነው። መፍትሔው ጤነኛ ሳለች ልማዷን ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደምታድር፣ በቀን ስንት ፌንጣ እንደምትበላ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደምትጸዳ በአንድ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ምግብ ከመብላቷ በፊት፣ ይመዝኗት። የጤፍና የበርበሬ ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ወይም የወርቅ ሚዛን ላይ ትንሽ እንጨት አስቀምጦ እስስቷን እንጨቱ ላይ እንድትወጣ ማድረግ በቂ ነው። እንቁላል ያልጣለች ትልቅ እስስት ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ከቀነሰች፣ ሌላ ምልክት ባይታይባትም ሐኪም ሊያያት ይገባል።

አሁን ወደ ዐይን እንምጣ። የጤነኛ እስስት ዐይኖች ሞላ ብለው ወጣ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ከንጋት እስከ ምሽትም ክፍት ናቸው። በቀን ብርሃን ዐይኗን ጨፍና የተቀመጠች እስስት እንቅልፍ የጣላት ሳትሆን የታመመች ናት። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ቢረሱ ይህን አንድ ነገር አይርሱ። ውሃ ሲረጭባት ዐይኗን አሳብጣ፣ ጨፍናና ከቅርንጫፍ ጋር አሻሽታ ማጽዳቷ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል። ዐይኗ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ብዙውን ጊዜ ውሃ ጠምቷታል፤ አንደኛው ዐይን ብቻ ካበጠ ባዕድ ነገር፣ ያልተገፈፈ ቆዳ ወይም ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ካበጡና ከተጣበቁ ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው።

የውሃ ነገር በተለይ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች የሚያታልል ነው፤ ሐይቁ አጠገባችን ስላለ አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይመስለናል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ወቅት ግን የቀኑ አየር ደረቅ ነው፣ እስስት ደግሞ በሳህን የተቀመጠ ውሃን እንደ ውሃ አትቆጥረውም፤ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን እየላሰች ነው። ውሃ ሞልቶ በተቀመጠ ሳህን አጠገብ በጥም ልትሞት ትችላለች። መጠጣቷን ለማወቅ ኩሷን ማየት ይበቃል። ቡናማው ክፍል የምግቡ ትርፍ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የሚወጣው እንደ ኖራ ነጭ የሆነው ጥፍጥፍ ሽንቷ ነው። ነጩ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ብቻ ቢጫ ካለ፣ ደኅና ናት፤ ሙሉ በሙሉ እንደ እርድ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ከሄደና ከደረቀ ውሃ ካጣች ሰነባብታለች፣ ነገሩ ከቀጠለም ኩላሊቷ ይጎዳል። ቡናማው ክፍል ውሃ መሰል፣ ከወትሮው ይልቅ የሚሸት ወይም ንፍጥ ያለበት ከሆነ ጥገኛ ተሕዋስያን ይጠረጠራሉ፤ ይህን የሚለየው በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ ነው።

የእስስት መዳፍ እንደ አንጥረኛ ጉጠት ነው፤ ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው በተቃራኒ ተሰልፈው ቅርንጫፉን ይነክሳሉ፣ ጅራቷም አምስተኛ እጅ ሆኖ ይጠመጠማል። ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፏን በቀስታ ነቅነቅ አድርጎ ጥብቀቱን ማየት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። መዳፏ የሚስት፣ ደጋግማ የምትወድቅ፣ ሆዷን ከእንጨቱ ሳታነሣ በክርኗ የምትሳብ፣ እግሯ እንደ ቀስት የጎበጠ ወይም ጣቶቿ የሚንቀጠቀጡ እስስት በአብዛኛው የአጥንት መሳሳት ይዟታል። ምክንያቱ የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲ3 ወይም የዩቪቢ ጨረር (ከፀሐይ የሚመጣ፣ ለዐይን የማይታይ ጨረር) እጥረት ነው፤ ሦስቱ የተያያዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ቆዳዋ ያንን ጨረር ካላገኘ ቫይታሚኑን አይሠራም፣ ቫይታሚኑ ከሌለ ደግሞ የበላችው ካልሲየም ወደ ሰውነቷ በሚገባ አይሰርጽም። ሰውነቷም የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንቷ መበደር ይጀምራል፤ የታችኛው መንጋጋዋ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል፣ አጥንቷም ያለ ምንም አደጋ ይሰበራል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። እስስት ባሳደግሁበት በመጀመሪያው ዓመት ቤቷን በመስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ፀሐይ ሲገባላት እያየሁ ረክቼ ነበር። ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን እያሳለፈ የዩቪቢን ጨረር እንደሚያስቀር ያወቅሁት እግሮቿ ሲጎብጡ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በወንፊት ሽቦ በተሠራ ቤት፣ ግማሹን በቅጠል ጋርዶ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ፀሐይ ማቆየት ብዙ ይጠቅማል። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቀቅሎ ይገድላታል። የምትበላቸው ነፍሳት ከሰውነታቸው የካልሲየም ይዘት አኳያ ደካሞች ስለሆኑ፣ ፌንጣዎቹን አስቀድሞ ጎመን ማብላት፣ ሊሰጧት ሲሉም ንጹሕ የካልሲየም ዱቄት መነስነስ ያስፈልጋል። አንዴ የጎበጠ እግር መልሶ አይቃናም፤ በጊዜ የተደረሰበት በሽታ ግን ባለበት ይቆማል።

የምላስ ነገር ከአጥንቱ ጋር የተያያዘ ነው። ምላሷ ከጅራት በፊት ካለው የሰውነቷ ርዝመት በላይ የሚወነጨፍ ስለሆነ፣ መሳቱ፣ ማጠሩ ወይም ከአፏ ወጥቶ ቶሎ አለመመለሱ ግልጽ ምልክት ነው። ፌንጣውን በዐይኗ እየተከተለች ምላሷን የማትወነጭፍ እስስት የምግብ ፍላጎት አልጠፋባትም፤ አቅም አጥታለች፣ ወይም ምላሷ ተጎድቷል። ሁለቱን መለየት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። የከንፈሯን ዳር ሲመለከቱ ቢጫ፣ እንደ አይብ የረጋ ነገር ካዩ የአፍ ኢንፌክሽን ነው። የእስስት መግል እንደ ሰው መግል የሚፈስ ሳይሆን ጠጣር በመሆኑ፣ በመንጋጋዋ ወይም በእግሯ ላይ የበቀለን ጠንካራ እባጭ «አጥንት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መርፌ አስገብቶ ለማፍረጥ መሞከርም ከንቱ ነው።

አፏን ከፍታ ካገኟት መጀመሪያ ሙቀቱን ይጠይቁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ገርጥታ አፏን የከፈተች እስስት ሞቋት ሊሆን ይችላል፤ ጥላ ሲያገኙላት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትዘጋዋለች። በጥላና በብርድም አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ስትተነፍስ የሚያፏጭ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የምታሰማ፣ በአፍንጫዋ ወይም በአፏ አረፋና ንፍጥ የሚታይባት ከሆነ ግን የሳንባ ኢንፌክሽን ነው። በእኛ አገር ይህ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ ቅጠሉና ወለሉ ሳይደርቅ በሚውልበት ጊዜ፣ እንዲሁም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ በሚችልበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ቤቷ በሁለት ርጭቶች መካከል መድረቅ አለበት። ሌሊት ወደ ቤት ውስጥ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ከሰል ከሚነድበት ክፍል ግን ያርቋት፣ ጭሱ ሳንባዋን ይጎዳል።

ሴት እስስት ከወንድ ጋር ባትገናኝም እንቁላል ልትሠራ ትችላለች፤ ይህን ባለማወቅ የጠፉ ብዙ ናቸው። እንቁላል የሚጥል ዝርያ ከሆነች፣ ሆዷ ሲሞላና ስትቅበዘበዝ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ቤቷ ውስጥ ያስገቡላትና በጨርቅ ይጋርዷት፤ ሰው እያያት አትቆፍርም። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከተወች፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዐይኗን ከጨፈነች፣ እንቁላሉ ተይዞባታልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ቆዳዋን ስትጥል ቁርጥራጭ ሆኖ መውረዱ አያሳስብም፤ በጣትና በጅራት ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የቀረው ግን ደም ዝውውርን ስለሚዘጋ በእርጥበት ማለስለስ ያስፈልጋል። አንገቷ ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ከቫይታሚን መብዛት ወይም ከኩላሊት ሕመም፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ከሪህ ሊመጣ ይችላል።

ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ የሚያሳስበኝ መርዝ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የጫት ማሳና የፎገራ ሽንኩርት በፀረ ተባይ ይረጫል፣ ለወባ መከላከያም በቤት ግድግዳ ላይ ኬሚካል ይረጫል፤ ከእነዚህ ቦታዎች የተለቀመ ፌንጣ ወይም በረሮ መርዙን ይዞ ይመጣል። ከበላች በኋላ ባልተጠበቀ ሁኔታ የምትንቀጠቀጥ፣ ምራቋ የሚዝረከረክና ሚዛኗን የምትስት እስስት ካለች፣ ነፍሳቱ የተለቀሙበትን ቦታ ለሐኪሙ መንገር ከምልክቱ እኩል ይጠቅማል። ስላልተረጨ ማሳ እርግጠኛ ካልሆኑ ፌንጣውን ራስዎ ያርቡ።

ቀለም አሁን ትርጉም ይኖረዋል። ሞቃ፣ ማንም ሳይነካት፣ ድመትም ሆነ ሌላ እስስት ሳታይ፣ የራሷ ምስል በመስታወት ሳይታያት፣ ቀኑን ሙሉ ጠቁራ ወይም ደብዝዛ ከዋለችና ከላይ ከተነገሩት አንዱ ከተጨመረበት፣ ቀለሙ ሕመሙን አጸደቀ ማለት ነው።

ዐይኗን ለጨፈነች፣ ከወለል ለማትነሣ፣ አፏን ከፍታ ለምታቃስት ወይም አጥንቷ ለተሰበረ እስስት እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም። እስከዚያው ፌንጣ በግድ አፏ ውስጥ አይክተቱ፣ ውሃም በስሪንጅ አይገፍትሩባት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ለከብትና ለበግ የተገዛ ፀረ ትል ወይም አንቲባዮቲክ አይስጧት፤ መጠኑ በግራም የሚሰላ ስለሆነ ለበግ አንድ ጠብታ የሆነው ለእሷ ገዳይ ነው። እንስሳት ሐኪሞቻችን በአብዛኛው የሠለጠኑትና የሚውሉት ከብትና በግ ላይ ስለሆነ፣ ሐኪሙ እስስት አክሞ እንደሆነ ሳይሽኮረመሙ ይጠይቁ፤ ካላከመ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሙያ ባልደረቦቹን እንዲያማክር መለመን ነውር የለውም።

ስትጓዝ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ የምትይዘው ቅርንጫፍ ታስሮላት፣ በጨርቅ ተጋርዳ ትሂድ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ካርቶኑን ፀሐይ ከሚገባበት ወገን አርቀው ጭንዎ ላይ ይያዙት። የክብደቱን ደብተር፣ የቤቷን ፎቶግራፍና ከ24 ሰዓት ያልበለጠ ኩስ በንጹሕ ብልቃጥ ይውሰዱ። ኩሱ እንዳይደርቅ ክዳኑን ይግጠሙ፣ ከፀሐይም ያርቁት፤ እስስት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል፣ ብልቃጡን የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፣ ሕፃንም አይቀፍ።