አዳማ ላይ አሻንጉሊት ለምትሰበስቡ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰበስብ ትልቅ ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቁ "ሰብሳቢ ነኝ" ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ነው። ሳሎን ገብታችሁ ቡፌውን ቃኙት። ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡ አጎት ያመጧት ማትሪዮሽካ፣ ያቺ አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ የምትገባ የእንጨት አሻንጉሊት፣ ተቀምጣለች። አረብ አገር ያለች እህት የላከቻት ባርቢ ከነካርቶኗ ቆማለች። ሽሮ ሜዳ የተገዛች ባለ ሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ጥጉን ይዛለች። ሦስት ሲሞሉ ዓይን አራተኛዋን መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም።

ስለ አያያዝ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ነው። አዳማ ሲደርስ ግማሹ አይሠራም። የቀረው ከራሳችን ቤት ልማድ የተወሰደ ነው፤ ማጠብ፣ መጠቅለል፣ ናፍታሊን ጣል ማድረግ። በዕድሜ ብዛት የተበላሸ አሻንጉሊት ያየሁት ትንሽ ነው። በእንክብካቤ ብዛት የተበላሸው ይበዛል።

የሰሜኑን መስኮት ማመን

የፈረንጆቹ መመሪያ "ከደቡብ መስኮት አርቁ፣ የሰሜኑ ግን ችግር የለውም" ይላል። እነሱ አገር ልክ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትውለው። አዳማ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ምሥራቁ የጠዋቱን፣ ምዕራቡ የከሰዓቱን ያገኛል። በአጭሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ደኅና የሆነ መስኮት የለም።

ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም። ቀይና ሮዝ ቀለም ብዙ ጊዜ ቀድመው ይሄዳሉ፤ የጉንጭ ቅላት፣ የከንፈር ቀለም፣ የጥለቱ ቀይ ክር። ነጩ ፕላስቲክ ይወይባል። የመስኮት መስታወት ከፊሉን ጨረር ያስቀራል፤ የቀረው ግን በቂ ነው።

ቡፌው ያለበት ግድግዳ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ፈተና አለ። ደማቅ ቀይ ወረቀት ቁረጡ። ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍኑና አሻንጉሊቷ የምትቆምበት ቦታ ላይ ለጥፉት። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ካርቶኑን አንሱ። በሁለቱ ግማሾች መካከል መስመር ከታያችሁ፣ ያ መስመር በአሻንጉሊቷ ፊት ላይም እየተሰመረ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ወፍራም መጋረጃ ነው። ከዚያ በላይ የሚሻለው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለመደርደር ነው። ግማሾቹ ይታዩ፣ ግማሾቹ ጨለማ ውስጥ ይረፉ፤ በየጥቂት ወሩ አቀያይሯቸው።

ፍሪጅ ላይ መደርደር

ፍሪጅና ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል አልብሶ አሻንጉሊት ማቆም የቆየ ልማድ ነው። ያምራልም። ግን ሁለቱም ሙቀት ይለቃሉ። ቪኒል የተባለው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። ሙቀት ሲበዛበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹና 1990ዎቹ ባርቢዎች እግር ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያጣብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የተጣበቀ እግር ላይ አቧራ ሲያርፍበት ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አቧራውን መናቅ

ከተማዋ ዳር የተተከሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋ ዋቶቹ፣ ያለ ምክንያት አዳማን አልመረጡም። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ነው የሚገባው። የቤት እመቤት ጠዋት የወለወለችው ጠረጴዛ ከሰዓት ላይ ስም ይጻፍበታል።

ክፍት መደርደሪያ ላይ የቆመች አሻንጉሊት እዚህ ከተማ ዕድሜ የላትም። ባለ መስታወት ቡፌ የግድ ነው። በሩ የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ስፖንጅ ቴፕ ለጥፉ፤ አብዛኛው አቧራ የሚገባው በዚያች ስንጥቅ ነው። ነገር ግን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ አትርሱት። ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ የተሠራ ቡፌና አዲስ ቫርኒሽ የሚለቁት ትነት አለ፤ ያረጀ ፕላስቲክም እንዲሁ። አዲስ ቡፌ ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ ባዶውን ክፍት ይሰንብት። ከዚያ በኋላ ነፋስ በሌለበት ማለዳ አንድ ጊዜ እየከፈታችሁ አናፍሱት። መደርደሪያው ላይ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲድ አንጥፉበት።

ለማራገፍ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ በቂ ነው፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ። ዓይኗ የሚከደን አሻንጉሊት ካላችሁ ከሽፋሽፍቱ ጀምሩ። አቧራ ቀድሞ የሚሰፍረው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ዓይኗ ቀዳዳ ይገባና መክደኛውን ያስቸግራል።

ሙልጭ አድርጎ ማጠብ

የጽዳት ፍቅራችን እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚያደርገን። በዓል ሲደርስ መጋረጃው ይወርዳል፣ ምንጣፉ ይታጠባል፣ አሻንጉሊቶቹም አብረው ሳፋ ውስጥ ይነከራሉ። የጨርቅ አሻንጉሊት ውስጧ የታጨቀው ነገር በቀላሉ አይደርቅም። ላይዋ ደርቆ ውስጧ ይሻግታል። የጥለቱ ቀለም ነጩን ሸማ ሊበክለው ይችላል። ዓይኗ የሚከደነዋ ደግሞ ጭንቅላቷ ውስጥ የብረት ክፍል አላት፤ ውኃ ከገባባት ይዝጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይኗ ተከድኖ አንዱ እንዳፈጠጠ ይቀራል።

ለፕላስቲኳ በውኃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፣ ቢበዛ አንዲት ጠብታ ላርጎ ይበቃል። አንገቷ ላይ ያለው መጋጠሚያ ውኃ እንዳይነካው። አሴቶን የፊቷን ሥዕል ጠርጎ ይወስዳል፣ ፕላስቲኩንም ሊያሟሟው ይችላል። በረኪናም ቦታው እዚህ አይደለም። ጥቁር ወይም ቀይ ልብስ ቪኒሉን አቅልሞት ከሆነ፣ ሰብሳቢዎች ፋርማሲ የሚሸጠውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበትን የብጉር ቅባት ይጠቀማሉ። ይሠራል። ግን ጤነኛውንም ቀለም ሊያነጣው ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ከዚያ በፊት ግን ከደማቁ ልብስ ሥር ስስ ነጭ ጨርቅ ብታለብሷት ሁሉም ነገር ባልመጣ ነበር።

ፀጉሯን በፒያስትራ ለመተኮስ ደግሞ እንዳታስቡ። ይቀልጣል። በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ኮንዲሽነር አርጥቡት፤ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ናፍታሊን

ብል የሚፈራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ለሱፍ ካፖርት ይሆናል። ለአሻንጉሊት ግን አይሆንም፤ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያለሰልሳል፣ ሽታውም ጨርቁን አይለቅም። ሕፃን ልጅ ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ደግሞ አደጋው ከአሻንጉሊት ይበልጣል።

ብል የገባባት የጨርቅ አሻንጉሊት ካለች መፍትሔው ፍሪዘር ነው። ፍሪጅ አላልኩም፣ ፍሪዘር። ፌስታል ውስጥ ክተቷት፣ አየሩን አስወጡ፣ በደንብ እሰሩት። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሳምንት ትቆይ። ስታወጧት ፌስታሉን ወዲያው አትፍቱት፤ አንድ ቀን ሙሉ ታስሮ ይዋል። አለበለዚያ ጤዛው እሷ ላይ ያርፋል። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቀኑን እንደ አዲስ መቁጠር ነው፣ ምን ይደረግ። ይህ ግን ለጨርቅ ብቻ ነው። ፖርሴሊን፣ እንጨትና ፕላስቲክ ፍሪዘር አይግቡ።

ከመጋዘን ሲወጡ መደንገጥ

እንዲያርፉ ያልናቸው አሻንጉሊቶች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት በማሸጊያው ነው። ፌስታል ለፍሪዘሩ ጊዜ ይሁን እንጂ ለዓመት አይሁን፤ ቪኒሉ የሚለቀውን ትነት አፍኖ ይይዛል። ጋዜጣ አሲድ አለው፣ ቀለሙም ይለቃል። ካርቶኑ ውስጥ ፀጉሯን የያዘው ላስቲክ ሲያረጅ ይቀልጥና ፀጉሯ ላይ ይጣበቃል፤ ከእጅ አንጓዋ ላይ ደግሞ ምልክት ይተዋል። ካርቶኑን ሳትቀዱ በጊዜ ቁረጡት። የብረት የጆሮ ጌጥ ካላት አውልቁት። መዳብ ያለበት ጌጥ ከቪኒል ጋር ሲቆይ ጆሮዋ አረንጓዴ ይሆናል፤ እሱን ማስለቀቅ አበሳ ነው። መጠቅለያው የታጠበ አቡጀዲድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው።

ቡፌው ፊት ረከቦት መዘርጋት

የከሰልና የዕጣን ጭስ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ሆኖ ያርፋል። ነጩ ሸማ ቀስ በቀስ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ማንስ ይሰማኛል። ረከቦቱን ወደ በረንዳው ወይም ወደ በሩ አስጠጉት፣ የቡፌው መስታወትም ዝግ ይሁን።

ማትሪዮሽካን በቢላ መክፈት

ማትሪዮሽካ ብዙ ጊዜ ከሊንደን እንጨት ነው የምትቀረጸው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በአዳማ በጋ ደግሞ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ አልከፈት ካለች አልተበላሸችም፣ አብጣ ነው። ጥቅምት እስኪገባ ተዋት። በቢላ የፈለቀቃት ሰው ጠርዟን ሰብሮ ቀለሟን ይልጣል። ስትከፈት መጋጠሚያዋን በሻማ ቀባ ቀባ አድርጉት፣ ለሚቀጥለው ክረምት ይጠቅማል።

ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማመን

ልባሽ ውስጥ የተገኘች ባርቢ ጀርባ ላይ 1966 የሚል ካያችሁ አትዝለሉ። ይህ ዓመት ሰውነቷ የተነደፈበትና መብቱ የተመዘገበበት እንጂ እሷ የተመረተችበት አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የተሠሩት ላይም ያው ቁጥር አለ። ባርቢን ሩት ሃንድለር በማቴል ኩባንያ በኩል ለገበያ ያቀረበቻት እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1959 ነው። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጃፓን ሲሆን፣ መርፌ መሰል ማቆሚያ የሚገባበት የመዳብ ቱቦ ያለው ቀዳዳ ከእግራቸው ሥር ነበራቸው። ስለዚህ ከዓመቱ በፊት የአገሩን ስም አንብቡ። ቻይና ወይም ኢንዶኔዥያ የሚል ካለ ጨዋታው አልቋል። ጥቁር ሆና "ባርቢ" በሚለው ስም የወጣችው አሻንጉሊት ደግሞ የእ.ኤ.አ. 1980 ናት፤ የነደፈቻት ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ ናት። ከዚያ በፊት የነበሩት የማቴል ጥቁር አሻንጉሊቶች በሌላ ስም የወጡ ናቸው።

እንግዳ ልጅ ይዞ ሲመጣ አለመዘጋጀት

ይህቺን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጁ ጣቱን ይቀስራል። እናቱ "ስጪው እንጂ እትዬ፣ ልጅ አይደል እንዴ፣ ወዲያው ይመልሰዋል!" ትላለች። እምቢ ካላችሁ ስስታም፣ ከሰጣችሁ ጫማዋ አንድ እግሩ ጠፍቶ ይመለሳል። ሶፋው ሥር የመጫወቻ አሻንጉሊቶች ያሉበት ሳጥን ይኑራችሁ። ጠንካራ፣ የሚታጠቡ፣ የሚነቀል ትንሽ ነገር የሌላቸው። ጣቱ ገና ወደ ቡፌው ሳይዞር ሳጥኑን አውጡለት። የቡፌው ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ አይዋል።

ማጨናነቅ

ሃያ አሻንጉሊት አንድ መደርደሪያ ላይ ከቆመ የሚታየው ሃያ አይደለም፣ ትርምስ ነው። ከፊት አጫጭሮቹ፣ ከኋላ ረጃጅሞቹ፣ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት። የብረት ማቆሚያው ወገቧን የሚይዝበት ቦታ ነጭ የጥጥ ክር ይጠምጠምበት።

ሳይጽፉ ማስቀመጥ

ማን እንደሠራት፣ የት እንደተገዛች፣ በስንት እንደተገዛች በትንሽ ደብተር ጻፉ። በእጅ የተሠሩትን የሸጠችላችሁን ሴት ስሟንና ሰፈሯን ጠይቁ፤ ደስ ብሏት ትነግራችኋለች። ዓመቱን ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ አስፍሩ። "2009" ብቻ የሚል ወረቀት ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚያነበው ሰው ሁለት ዓመት ነው፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚራራቁ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ወረቀቱን አሻንጉሊቷ ልብስ ላይ በስፒል አትሰኩት፣ ይዝጋል። ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ደብተሩ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።