ሸራው ተቀይሮም ጎማው ሲግል
የቪትዟ የፊት ፍሬን ሸራ ተቀየረ፤ የቀኙ ጎማ ግን መጋሉን አልተወም። ፍንጩ አሮጌው ሸራ ላይ ነበር፦ የውስጠኛው አልቆ ብረቱ ሊነካ ደርሷል፣ የውጪው ግማሹ እንኳ አላለቀም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታዩት ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ናቸው።

የካሊፐሩ ቡሎኖች በ14 ቁልፍ ይፈታሉ። አንደኛው ፒን በእጅ ወጣ፤ ሌላው ግን ወይ ፍንክች! በመዶሻ መምታት ያጣምመዋል። ዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ፣ 20 ደቂቃ ጠብቆ፣ ግራና ቀኝ እያዞሩ መሳብ ነው የሚያወጣው። የፒኑ ጫፍ ላይ ያለችው ላስቲክ አብጣ ቀዳዳውን ሞልታዋለች፤ የተቀባው ተራ ግሪስ ነበር፣ እሱ ደግሞ ላስቲክ ያሳብጣል።

ላስቲኮቹ ተቀየሩ፣ ቀዳዳው በፍሬን ማጽጃ ታጠበ፣ ፒኑ የፍሬን ሲሊከን ግሪስ በስሱ ተቀባ። ከመንዳት በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ አይረሳ።