የወንዝ ደለል ሲጠረግ መሻገሪያን መጠበቅና ማሽንን በደኅና ማሳደር

ከሰሜን ሸዋ ደጋ ጫፍ ተነሥተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱት እንደ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ ያሉ ወንዞች ከገደሉ ላይ የሚያንከባልሉትን ድንጋይ፣ አሸዋና ጭቃ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያራግፉታል፤ ቁልቁለቱ ሲለዝብ የውኃው ጉልበት ይደክማልና። በዚህ የተነሣ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ይሄድና በአንዱ ክረምት ውኃው መስመሩን ትቶ ወደ ሽንኩርቱና ወደ ማሾው ማሳ ይገባል። ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደለሉን ለማውጣት ቆፋሪ ማሽን (ኤክስካቫተር) እና ገልባጭ መኪና ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

ወንዙ ግን የማሽን ብቻ አይደለም። ያው አሸዋ ከብት የሚነዳበት፣ ግመል የሚያልፍበት፣ ገበያተኛ አህያውን ጭኖ የሚሻገርበት፣ አይሱዙ ቲማቲም ጭኖ የሚወጣበት፣ ተማሪ በአቋራጭ የሚሄድበት ነው። ደለል ጠረጋን የሚያቅዱ ሰዎች ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወጣ በጥንቃቄ ሲያሰሉ፣ ሥራው በሚካሄድባቸው ሳምንታት ሰው በየት እንደሚሻገርና ማሽኑ የት እንደሚያድር ግን ብዙ ጊዜ ለኦፕሬተሩ ይተዉታል። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወቅቱን መወሰን ያስፈልጋል። አመቺው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ማብቂያ ያለው ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ደጋው ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ቆላው ፀሐይ እየከነተረው እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥም ቢሆን የሰው እንቅስቃሴ የሚበዛባቸውን ቀናት አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ይገባል። የጥምቀት ዋዜማና ጥር 11፣ የጥር ሠርጎች፣ የአካባቢው የገበያ ቀንና የዓርብ ጁምዓ ማሽኑ ሥራ የሚያቆምባቸው ወይም መሻገሪያው ላይ ተጨማሪ ሰው የሚመደብባቸው ቀናት ናቸው። ቀብር ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ አስከሬን የያዘ ሕዝብ ወንዙ ዳር ሲደርስ ኦፕሬተሩ የማሽኑን መዛቂያ ባልዲ መሬት ላይ አስቀምጦ ሞተሩን እንዲያጠፋ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

መሻገሪያው ከሚቆፈረው ቦታ በላይ ይሁን ወይስ በታች የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ነው። ከታች ከሆነ ከቁፋሮው የተፈታው ጭቃና ድንጋይ እየወረደ መንገዱን ያበላሸዋል፤ ውኃ ለመመለስ የተሠራ ጊዜያዊ የአፈር ግድብ ከተደረመሰም የተጠራቀመው ውኃ የሚወርደው በሚሻገረው ሰው ላይ ነው። ከላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ወለሉ ሲቆፈር ከጉድጓዱ ጫፍ የሚጀምረው መሸርሸር ወደ ላይ እየበላ ይሄድና የመሻገሪያውን ሥር ያሳጣዋል። እኔ ከሁለቱ የላይኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከቁፋሮው ጫፍ በደንብ ርቆ፣ ወለሉ አሸዋ ሳይሆን ድንጋያማ ወይም ጠጣር ኮረት በሆነበት ቦታ መሆን አለበት። ጧት ጧት የቁፋሮው ጫፍ ምን ያህል ወደ ላይ እንደበላ በእግር ሄዶ ማየት የፎርማኑ የመጀመሪያ ሥራ ይሁን። የድልድይ ምሰሶ አጠገብ ያለ ደለልን ግን መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ ሳይፈቅድ መንካት አይገባም፤ ምሰሶውን የያዘው ያ አሸዋ ሊሆን ይችላልና።

ምልክትን በተመለከተ ከመርከበኞች የምንማረው አለ። መርከብ በሚመላለስባቸው ወንዞችና ወደቦች ደለል ጠራጊዋ መርከብ ብዙ ጊዜ በመልህቅና በተወጠረ የብረት ገመድ ታስራ ስለምትሠራ ዞር ብላ መንገድ መልቀቅ አትችልም። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለችው መርከብ በተዘጋው ጎኗ ሌሊት ሁለት ቀይ መብራት፣ ቀን ሁለት ድቡልቡል ምልክት ከላይ ወደ ታች ታሰቅላለች፤ በሚታለፍበት ጎኗ ደግሞ ሌሊት ሁለት አረንጓዴ መብራት፣ ቀን ሁለት ባለ አራት ማዕዘን የአልማዝ ቅርጽ ትሰቅላለች። የሚመጣው ካፒቴን ከማንም ጋር ሳይነጋገር በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት ከሩቁ ያውቃል። የደንቡ ብልኃት «አደጋ አለ» ብሎ አለማቆሙ ነው፤ ክፍቱንም መንገድ ያሳያል። እኛ ወንዝ ዳር የምንተክለው ቀይ ጨርቅ ግን የሚከለክል ብቻ ነው፤ የተከለከለው ሰውም የመሰለውን መንገድ ራሱ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኘው ማሽኑ ጀርባ ያለውን ነው።

ይህንኑ በቀላል ዕቃ መሥራት ይቻላል። በተዘጋው በኩል ረጅም እንጨት ተተክሎ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት የማዳበሪያ ከረጢቶች አንዱ ከአንዱ በታች ይንጠልጠሉና ቀይ ጨርቅ ይታሰርባቸው፤ በተከፈተው በኩል ከጭራሮ የተሠሩ ሁለት የአልማዝ ቅርጾች አረንጓዴ ጨርቅ ተደርጎባቸው ይሰቀሉ። ቅርጹ የሚያስፈልገው ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች ስላሉና አመሻሽ ላይ ቀለም ስለሚደበዝዝ ነው። ምልክቱ በሁለቱም ዳርቻ፣ ሰው ወደ ወንዙ መውረድ ከመጀመሩ በፊት በሚያየው ከፍታ ላይ ይቁም። ትርጉሙን ለማስተማር ደግሞ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር ማስታወቂያና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ከማንኛውም የተለጠፈ ወረቀት ይበልጣሉ።

መሻገሪያው ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ከሆነ በሁለቱ ዳርቻ አንዳንድ ተቆጣጣሪ መቆም አለበት። እነዚህ ሰዎች በስልክ እንዲነጋገሩ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ፊሽካውንም የኤክስካቫተሩ ድምፅ ይውጠዋል። የሚያዋጣው የአንድ ዱላ ዘዴ ነው። ቀለም የተቀባ አንድ ዱላ ብቻ ይዘጋጅ፤ መኪና ማሳለፍ የሚችለው ዱላው ያለበት ዳርቻ ብቻ ይሁን። ተራው ሲደርስ ዱላው በመጨረሻው ሾፌር እጅ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ማዶ ያለው ተቆጣጣሪ ዱላውን እስኪጨብጥ ድረስ አንድም ባጃጅ አያስገባም። ለተቆጣጣሪነት የአካባቢውን ሰው መምረጥ ይሻላል። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ አሁን እናሳልፍዎታለን» ብሎ በስም የሚያውቃቸውን አዛውንት ማስቆም የሚችለው እርሱ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ጎረምሳ እጁን ቢያወናጭፍ የሚሰማው የለም።

ከብትና ግመል የተለየ ሥርዓት ይፈልጋሉ። መንጋ ወንዝ መሐል ከደረሰ በኋላ ማስቆም ስለማይቻል፣ የመጀመሪያው በሬ ወደ ውኃው ከመውረዱ በፊት ማሽኑ መቆም አለበት። ማሽኑ ቆመ የሚባለው ደግሞ ባልዲው መሬት ነክቶ፣ ኦፕሬተሩ እጁን ከመሪዎቹ ላይ አንሥቶ በመስኮቱ ሲያሳይ ነው፤ ሞተሩ ዝግ ስላለ ብቻ ቆሟል ማለት አይቻልም። ኤክስካቫተር ሲዞር የኋላ ክብደቱ የሚጠርገውን ቦታ ኦፕሬተሩ አያየውም። ስለዚህ እረኛም ሆነ ረዳት የማሽኑ ክንድ ተዘርግቶ ከሚደርስበት ክብ ውጭ ይቁም፤ በማሽኑ ጀርባ በኩል ማለፍ ለማንም አይፈቀድ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ወደ ደራሽ ውኃ እንመለስ። እዚህ አካባቢ ሠራተኛን የሚያታልለው ሰማዩ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ደብረ ሲና በላይ ያለው ተራራ በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ደራሽ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 10 ኪሎ ሜትሩን በ55 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። በሰንሰለት የሚሄድ ኤክስካቫተር በጠንካራ መሬት ላይ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ፣ ማደሪያው 500 ሜትር ቢርቅ ሳይንሸራተትና ሳይሰምጥ ለመድረስ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይወስድበታል፤ እርጥብ አሸዋ ላይ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በወንዙ የላይኛው ክፍል በሚገኙ ቀበሌዎች ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተመርጠው፣ ዝናብ ሲጀምርና ወንዙ ሲደፈርስ እንዲደውሉ ክፍያ ይመደብላቸው። ክፍያው የግድ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ሰው እርሻው ላይ ከሆነ ስልኩን አያነሣም።

ስልክ ባይደወልም ወንዙ ራሱ ይናገራል። ኩል የነበረው ውኃ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ አረፋ፣ ገለባና ቅጠል ተከማችተው ይወርዳሉ፤ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ከሩቅ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱ እንደታየ ሰው በአጭሩ መንገድ ወደ ዳርቻ ይውጣ፤ ማሽኑ ለመውጣት ጊዜ ከሌለው ይተው። ጉልበት የማይደርስ 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውኃ ጎልማሳ ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና «ትናንትም በዚሁ ጥልቀት አልፌያለሁ» የሚል ሾፌር ሊሰማ አይገባም።

ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ስለተሳሳትሁ ነው። የካቲት ውስጥ ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን የአፈር መጫኛውን ማሽን ሎደሩንና የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ወንዙ መሐል ባለች ከፍ ያለች የአሸዋ ጉብታ ላይ አሳደርናቸው። ማታ ኮከብ ይታይ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዘበኛው እየጮኸ ቀሰቀሰን፤ ባትሪ ስናበራ ጉብታዋ አልነበረችም። ውኃው ከፊት ጎማዎቹ ሥር አሸዋውን እየጠረገ ሎደሩን በአፍንጫው ደፍቶት ነበር፤ ሞተሩን ግን ከነቱቦው ወስዶታል። ጧት ያገኘነው ዛፍ ላይ የታሰረውን ገመድ ብቻ ነው፤ ቋጠሮው እንደጠነከረ ነበር፣ የተበጠሰው በወዲያኛው ጫፍ ነው። ዘበኛው ብርድ ልብሱን ሎደሩ ሥር አንጥፎ ይተኛ እንደነበርና ያን ሌሊት ለሽንት ተነሥቶ እንደተረፈ የነገረን በኋላ ነው። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ማደሪያ ሲመረጥ ካርታ ከማየት በፊት ዛፎቹን ማየት ይጠቅማል። ያለፈው ክረምት ውኃ ቅርንጫፍ ላይ የሰቀለው ገለባና ፌስታል የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል፤ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ከዚያ የበለጠውን ያስታውሳሉ። ማሽኑ ከዚያ መስመር በላይ ይደር። ወንዙ በሚታጠፍበት የውጨኛው ዳርቻ ላይ ግን ከፍ ቢልም ማሳደር አይገባም፤ ውኃው ከሥር ይቦረቡረውና መሬቱ ከነማሽኑ ይናዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ሁሉም ማሽን ይውጣ፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ባልዲው መሬት ይንካ፤ ጎማ ያለው በድንጋይ ይታገድ፤ ፊቱም ወደ መውጫው መንገድ ይዙር። ከበላዩ የመብራት ገመድ እንዳያልፍ መመልከትም ያስፈልጋል። የነዳጅ በርሜልና የዘይት ቅያሪ ከወንዙ ውጭ ይሁን፤ ከታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች ያንን ውኃ ይጠጣሉና። ዘበኛው ከማሽኑ ርቆ፣ ከፍ ባለ ቦታ በራሱ ዳስ ይደር።

የአርሶ አደሩ የውኃ መሳቢያ ሞተር በዳርቻው ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ እንዲያነሣው ይነገረው። የግድ የሚቀር ከሆነ በሥሩ በጠነከረ ዛፍ ላይ፣ ውኃው ከፍ ሲል ገመዱ ተወጥሮ እንዳይበጠስ በቂ ልቅ ገመድ ተሰጥቶት ይታሰር። መርከበኛ መልህቅ ሲጥል የጥልቀቱን ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚሆን ሰንሰለት የሚለቀውም አጭር ሰንሰለት መልህቁን ወደ ላይ እየጎተተ ስለሚነቅለው ነው። ገመዱ በመሻገሪያው ላይ እንዳያልፍ፣ ማንም ሰው ደግሞ ሙላት ውስጥ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ሞተር ለማዳን እንዳይገባ፤ ገመዱ ሲወጠር ሰውየውን ውኃ ሥር ይይዘዋል።

ሙላቱ ካለፈ በኋላ መሻገሪያው ወዲያውኑ አይከፈት። ትናንት ቁርጭምጭሚት የነበረው ቦታ ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ድፍርስ ስለሆነም አይታይም። ውኃው ወርዶ እስኪረጋ ተጠብቆ ተቆጣጣሪው በረጅም ዱላ ወለሉን እየወጋ ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፤ ምልክቶቹን አዲሱ መስመር ላይ ይትከል፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ባዶ መኪና፣ ቀጥሎ የተጫነ ይለፍ።

በሥራው የመጨረሻ ቀን ማሽኑ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶች ይደልደሉ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ዳርቻ የወደቀ ጥጃም ሆነ ልጅ ሊወጣበት በሚችል ልክ፣ አንድ ሜትር ወደ ላይ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ይጋደም፤ የወጣው ደለል መልሶ እንዳይናድ ከዳርቻው ይራቅ። ከዚያም ተቆጣጣሪዎቹ፣ የቀበሌው ተወካይና ሁለት እረኞች አብረው መሻገሪያውን በእግራቸው ተሻግረው ይረከቡ፤ ምልክቶቹም ያን ጊዜ ይነቀሉ።