የወጣት ማዕከል ከመታደሱ በፊት ወጣቱን እንዴት እንጠይቅ?

አንድ የወጣት ማዕከል አገልግሎቱን እንድናጠናለት ጠርቶን ሄድን። ፑል ጠረጴዛው ዙሪያ ወንዶች። ጠረጴዛ ቴኒሱ ጋ ወንዶች። ኳስ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥም ወንዶች ብቻ። «ሴቶቹስ?» ብለን ኃላፊውን ጠየቅነው። «እነሱ ፍላጎት የላቸውም፤ ስንት ጊዜ ጠርተናቸው!» አለን። ከልቡ ነበር የተናገረው።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ከበሩ ማዶ በቆሎ ከምትጠብስ ልጅ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። አንድ በቆሎ ገዛች። ሁለተኛውን ስትገዛ ወሬው መጣ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። ማዕከሉ ውስጥ ገብታ ታውቃለች፤ ቤተ መጻሕፍቱን ትወደው ነበር። ታዲያ ለምን ተውሽው? «የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም። አንዷ ውጪ ቆማ ካልያዘችልሽ አትገቢም። ብቻሽን ከመጣሽ ውሃ ሳትጠጪ ነው የምትውይው።»

በዚያው ዓመት ማዕከሉ ለስፒከርና ለግድግዳ ቀለም ገንዘብ ይዞ ነበር። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። የጠየቀ ሰው ነው ያልነበረው።

ይህን የምጽፈው ስለ ወጣቶች አገልግሎት ጥናትና ምክክር ማድረግ ለምትፈልጉ ነው። የወረዳ ባለሙያ፣ የማኅበር አስተባባሪ፣ ወይም «ሰፈራችን ለልጆች ምንም የለውም» ብላችሁ የተነሳችሁ ጎረቤቶች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሦስት አራት ሰው፣ አንድ ወር ተኩል፣ ደብተርና ማርከር ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ምን ሊቀየር እንደሚችል እወቁ

ወጣቱ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው አግኙት። ሦስት ነገር ጠይቁት። ምን ያህል ገንዘብ አለ? ምኑ ገና አልተወሰነም? ማን ነው የሚፈርመው? ሁሉም ነገር አስቀድሞ ካለቀ ምክክሩን ተዉት። ያለቀ ነገር ላይ «ሐሳባችሁን ስጡን» ማለት ወጣቱን ማታለል ነው። እሱም ወዲያው ያውቃል።

ጊዜውንም አስሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ እቅዱ ግን ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የደረሰ ጥናት መደርደሪያ ላይ ያድራል። ሰኔ ላይ ተማሪዎቹም በፈተና ተወጥረዋል። እኔ ብትጠይቁኝ የካቲት ላይ ጀምራችሁ መጋቢት መጨረሻ ጨርሱ። ያ ወቅት ዐቢይ ጾም መሆኑን ግን አትርሱ። ለሻይ የምታቀርቡት ነገር የጾም ይሁን። ረመዳን ከገጠመም ሰዓቱን ከሙስሊም ልጆቹ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

«ወጣት» ስትሉ ማንን ማለታችሁ ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስታቲስቲክሱ 24 ላይ ያቆማል። የመረጣችሁትን ጻፉና በዚያው ጽኑ። ነገር ግን የ15 ዓመት ልጅና የ29 ዓመት አባወራ አንድ የውይይት ክብ ውስጥ አታስቀምጡ። ልጁ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ስህተት አለ። የስም ዝርዝር ከቀበሌ ይጠይቃል። ሁልጊዜ ለስብሰባ የሚጠሩት፣ ንግግር የለመዱት፣ የአደረጃጀት አባላት የሆኑት ይመጡለታል። እነሱም ወጣት ናቸው፤ ይሰሙ። ግን ሰፈሩ በእነሱ አያልቅም።

ስለዚህ ስም ሳይሆን ኑሮ እየቆጠራችሁ ዝርዝር አውጡ። ተማሪዎች። 12ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ። ሊስትሮ፣ ጀብሎ፣ ባጃጅ ነጂ። የቤት ሠራተኞች። ልጅ የወለዱ እናቶች። አካል ጉዳተኞች። ከገጠር መጥተው በቡድን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ። ቤት የተቀመጡትን በተለይ አትዝለሏቸው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ በየሰፈሩ ናቸው። ቀኑ ሙሉ የእነሱ ነው፤ የሚሄዱበት ግን የላቸውም። ተማሪ ስላልሆኑ ትምህርት ቤት አይቆጥራቸውም፤ ስላልተደራጁም ጽሕፈት ቤቱ አያውቃቸውም።

ከየቡድኑ ከ6 እስከ 8 ሰው ካገኛችሁ ይበቃል። ሰባት ቡድን ቢኖራችሁ ወደ 50 ሰው ሰማችሁ ማለት ነው።

ሳትጠይቁ አንድ ሳምንት ቁጠሩ

ይህ ቀላል ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጡ። በየሰዓቱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደገባ በጭረት መዝግቡ። ቅዳሜንና እሁድን ጨምሩ፤ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ያለበት ቀን ከሌላው ቀን ጋር አይመሳሰልም። የማዕከሉን መዝገብ ከቆጠራችሁ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ራሱ ግኝት ነው።

እነሱ ያሉበት ሂዱ

አዳራሽ ተከራይቶ «ኑ» ማለት ይቀላል። የሚመጣው ግን ጊዜ ያለው ነው። የቤት ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ልትመጣ አትችልም። የማታ ትምህርት ቤት በር ላይ ወይም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ታገኟታላችሁ። አሠሪዋ ፊት አትጠይቋት፤ እውነቱን አትነግራችሁም፣ በኋላም ጣጣው ለእሷ ነው። ሊስትሮውን ሥራ ሲበርድ ሂዱበት። ባጃጅ ነጂዎቹን ተራ ሲጠብቁ።

ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «ለሥራ ነው የምትመዘግቡት?» የሚል ነው። አትገረሙ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ወጣት ቅጽ ሞልቶ ጠብቋል። «ሥራ ልንሰጥ አልመጣንም። ይህ ማዕከል ለአንተ እንዴት እንደሚጠቅም ልንሰማ ነው የመጣነው። መጋቢት ላይ ተመልሰን ውጤቱን እንነግርሃለን» በሉ። ቀኑን ካልቆረጣችሁ አያምኗችሁም።

የአበል ጉዳይም አለ። ሐሳብን በገንዘብ መግዛት ጥናቱን ያበላሻል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሊስትሮው ከእናንተ ጋር ያጠፋው ሰዓት እንጀራው ነው። የትራንስፖርቱንና የቀረበትን ገቢ ሸፍኑ። ስንት እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ፈቃድና ጥንቃቄ

በቤተሰብ ሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን አልደረሰም። ስለዚህ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። የልጁም የራሱ ፈቃድ አብሮ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፈልጎ ይናገር፣ ሲሰለቸው ይሂድ።

ስም አትጻፉ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ አታናግሩ። ደግሞ አንዲት ልጅ ጥቃት እንደደረሰባት ልትነግራችሁ ትችላለች። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያውና ፖሊስ ጋ ማንን እንደምታገኙ አስቀድማችሁ እወቁ። ይህን ሳታዘጋጁ አትጀምሩ።

ጥያቄው ላይ ጊዜ ውሰዱ

«የስፖርት አገልግሎት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም አዎ ይላል። «የኮምፒውተር ስልጠናስ?» አዎ። እኛ አገር ይሉኝታ ትልቅ ነው። ቤቱ ድረስ የመጣን ሰው አይሆንም ማለት ነውር ይመስላል። መቶ «አዎ» ይዛችሁ ብትመለሱ የምታውቁት ነገር የለም።

ሐሳብ አትጠይቁ፤ የሆነውን ጠይቁ። «ትናንት ከአስር ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?» «ማዕከሉ ለመጨረሻ ጊዜ የገባኸው መቼ ነው? ያን ቀን ከበሩ ጀምረህ ንገረኝ።» «ትመጣ ነበር፣ ቀረህ። የቀረህበት ሳምንት ምን ሆነ?» የመቀርቀሪያው ወሬ የመጣው እንዲህ ካለው ጥያቄ ነው።

ቋንቋውንም ተመልከቱ። የ17 ዓመት ልጅን «እርስዎ» ብላችሁ በቢሮ አማርኛ ብትጠይቁት ቢሮ ያለ ይመስለዋል። አንተ፣ አንቺ በሉ፤ በአክብሮት። «ተደራሽነት» አትበሉ፤ «ይርቅሃል?» በሉ። መጠይቁን መጀመሪያ አምስት ልጆች ላይ ሞክሩት። ፊታቸውን እዩ። ግንባራቸውን የቋጠሩበትን ጥያቄ ቀይሩት።

ውይይቱን የሚመራው ሰው ከተቻለ ዕድሜው የሚቀርባቸው ይሁን፤ ለሴቶች ቡድን ሴት። ሌላ ሰው ይጻፍ። የማዕከሉ ኃላፊ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥ፣ የመክፈቻ ንግግርም አያድርግ። ደግ ሰው ቢሆንም እሱ ባለበት ወጣቱ አፉን ይቆልፋል።

ዝምታ ከበዛ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያወሩ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ክቡ ይመለሱ። ትልቅ ወረቀት ዘርግታችሁ ሰፈሩን ሳሉ በሏቸው። የሚወዱትን ቦታ በአረንጓዴ፣ የሚፈሩትን በቀይ ያክብቡ። አንድ ጊዜ ሴቶቹ ከዋናው መንገድ ወደ ማዕከሉ የሚወስደውን ቅያስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ አሰመሩት። ወንዶቹ ያንኑ መንገድ ባዶ ትተውታል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስንሰቅላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። መብራት የሌለው መንገድ ነበር።

በቴሌግራም መጠይቅ መላክም ይቻላል። ኮቦን (KoboToolbox) የመሰለ ነፃ የመጠይቅ መሣሪያ በስልክ ይሠራል። ግን የሚመልስላችሁ ስማርት ስልክና የኢንተርኔት ጥቅል ያለው ነው። ለማሟያ ተጠቀሙበት እንጂ በእሱ ብቻ አትደምድሙ።

የሰማችሁትን አብራችሁ ለዩት

እያንዳንዱን ሐሳብ በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። መሬት ላይ በትኑት። ከተወያዮቹ አራት አምስት ወጣት ጥሩና የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጉ። ርዕሱን እነሱ ያውጡለት። ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ የጻፈው የተሳትፎ መሰላል ስምንት እርከን አለው። ታችኞቹን ሦስቱን ተሳትፎ አይላቸውም፤ ወጣቱን ለጌጥ ማሰለፍ አንዱ ነው። የተጻፈለትን ወረቀት መድረክ ላይ የሚያነብ ልጅ እዚያ ነው ያለው። ወረቀቱን ራሱ ሲለይ ግን ከፍ ብሏል።

50 ሰው አነጋግራችሁ «የወረዳው ወጣት 60 በመቶ» ብላችሁ አትጻፉ። «ከሰባቱ ቡድኖች አምስቱ ስለ መብራቱ አነሱ» በሉ። ያ እውነት ነው። አንድ ሰው ብቻ ያነሳውንም አትጣሉ። በዊልቸር የሚሄድ አንድ ልጅ ብቻ ነው ስለ ደረጃው የነገረን። እሱም የነገረን ደረጃው ሥር ቆሞ ነው።

ከዚያ ሦስት ክምር አድርጉ። ያለ በጀት በዚህ ወር የሚሠራ፣ በጀት የሚፈልግ፣ ከማዕከሉ አቅም በላይ የሆነ። ሥራ ማጣት ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፤ ሁሌም መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው። ጻፉት፣ ለሚመለከተው አድርሱት፤ ማዕከሉ ይፈታዋል ብላችሁ ግን ተስፋ አትስጡ።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ይሁን። ከዚያ በላይ ማንም አያነብም።

በቆረጣችሁት ቀን ተመለሱ

ብዙ ጥናት የሚሞተው እዚህ ነው። ያነጋገራችኋቸው ቦታ ሂዱ፦ የማታ ትምህርት ቤቱ በር፣ የባጃጅ ተራው። በትልቅ ወረቀት አራት ዓምድ ጻፉ። ያላችሁት፣ የተደረገው፣ ያልተደረገውና ምክንያቱ፣ ማን መቼ ይሠራዋል። ማዕከሉ በር ላይ ለጥፉት። ያልተደረገውን አትደብቁ።

መቀርቀሪያው በሳምንቱ ተገጠመ። ባልደረባዬ ወደ በቆሎ ጠባሿ ሄዳ ነገረቻት። ልጅቷ ከሰሏን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሳች፣ ገባች፣ በሩን ዘግታ ከፈተችው። ስትወጣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ሳሙናስ?» አለች። ወረቀቱ ላይ ጨመርነው።