አዲስ መምህር የመጀመሪያውን የምርምር ድጋፍ እንዲያገኝ እንዴት እናግዘው

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተመደበ መምህር የምርምር ጥሪ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን አስፍቶ ነው። ገምጋሚዎች ግን የሚፈልጉት ችግሩ የማን እንደሆነና በተፈቀደው ጊዜና ገንዘብ የሚያልቅ መሆኑን ነው። ስለዚህ የነባር ተመራማሪዎች እገዛ ጥያቄውን ከማጥበብ መጀመር አለበት።

የአፈር አሲዳማነትን እንውሰድ። በአዊና በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የአፈሩ ፒኤች (ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዳማነቱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይጠቅመውም። «በጎጃም የአፈር አሲዳማነትን መቀነስ» የሚል ርዕስ ይዞ ለመጣ ወጣት መምህር የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ሰብል፣ አሲዳማነቱን ለመቀነስ ምን ያህል ኖራ ብለን እንጠይቀው። በባንጃ ወረዳ ለስንዴ ኖራን በመስመር መጨመር ከብተና ጋር ሲነጻጸር ምን ለውጥ ያመጣል ወደሚል ጥያቄ ከወረደ፣ የሚለካውም የሚገዛውም ነገር ይታወቃል። መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ግን ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ወደ አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሄዶ እስካሁን የተሠራውን ይጠይቅ፤ የተመለሰን ጥያቄ እንደ አዲስ ማቅረብ በገምጋሚዎች ዘንድ አመኔታን ያሳጣል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የጊዜ ሰሌዳው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በደጋው ስንዴ የሚዘራው ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ሂሳብ በሚዘጋበትና ግዥ በሚቆምበት ጊዜ ነው። ኖራ ከአፈሩ ጋር ለመዋሐድ ጊዜ ስለሚፈልግ ከዘር ቀደም ብሎ መጨመር አለበት፤ በመሆኑም የኖራውና የዘሩ ግዥ፣ የመጀመሪያው የአፈር ናሙናም ጭምር፣ ከግንቦት በፊት እንዲጠናቀቁ ሆነው መታቀድ ይኖርባቸዋል። ይህን አዲሱ መምህር ከየትም አያነበውም፤ የፋይናንስና የግዥ ክፍሉን አሠራር የምናውቅ እኛ ልንነግረው ይገባል።

በጀቱን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ወጪ ከአንድ የተጻፈ ተግባር ጋር መያያዝ አለበት። የውሎ አበል ከላቦራቶሪ ምርመራው በልጦ ከተገኘ ገምጋሚው መጠየቁ አይቀርም፣ ልክም ነው። ጥናቱ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚወስደው ጊዜ በሰሌዳው ይካተት።

ነባሩ ተመራማሪ ስሙን ብቻ ማዋሱ ለአዲሱ መምህር አይጠቅምም። መጀመሪያ በራሱ ጥናት ተባባሪ አድርጎ ያሠራው፤ ቀጥሎ በዩኒቨርሲቲው አነስተኛ ድጋፍ ዋና ተመራማሪ ሆኖ ይወዳደር። ከዚያ በኋላ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ መቀመጫውን በጣሊያን ትሪየስት ያደረገው የዓለም የሳይንስ አካዳሚ ለታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ዓይነት የውጭ ድጋፍ ቢሞክር የሚያሳየው የተጠናቀቀ ሥራ ይኖረዋል።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በጽሑፍ እንዲጠይቅ እናበረታታው፤ በሳምንቱም አብረን ተቀምጠን የትኛው በይዘቱ፣ የትኛው በአጻጻፉ ምክንያት እንደመጣ ለይተን ለሚቀጥለው ጥሪ ማስተካከል እንጀምር።