ለጠባብ መደርደሪያ የሚሆን አምፕሊፋየር አመራረጥ

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። ብዙ ሰው የመደርደሪያውን ወርድ ለክቶ ይረካል፤ ጉድ የሚሠራው ግን ጥልቀቱ ነው። ሙሉ መጠን ያለው አምፕሊፋየር ወርዱ 43 ሴ.ሜ አካባቢ ነው። መግለጫው ላይ ጥልቀቱ 30 ሴ.ሜ ቢባልም፣ ከጀርባ የሚሰካው ገመድ ከ5 እስከ 7 ሴ.ሜ ይጨምራል። ወፍራም ገመድ በግድ ታጥፎ ግድግዳ ከተጫነው መሰኪያው እየላላ ይሄድና የአንዱ ስፒከር ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከሚወስደው ኃይል ሰፊውን ድርሻ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከላዩ 10 ሴ.ሜ ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ታፍኖ ከዋለ ዘፈኑ መሃል ላይ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ለጠባብ ቦታ ክላስ ዲ ይሻላል፤ እምብዛም አይሞቅም፣ ትንንሾቹም የአንድ መጽሐፍ ያህል ቦታ ይበቃቸዋል። ብቻ አዳፕተሩ ለብቻው ከሆነ እሱም ማረፊያ ይፈልጋል፤ ይህን ሲገዛ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ዋት አትደለሉ። በትንንሾቹ ላይ «100 ዋት» የሚለው ብዙ ጊዜ በ4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ድምፁ 10 በመቶ እየተዛባ የተለካ ነው፤ በ8 ኦም ስፒከር ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለትንሽ ክፍል ከ20 እስከ 30 ንጹሕ ዋት ይበቃል።